የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፦ ከቅኔ ቤት እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ

መግቢያ

የጽሕፈት ትምህርት ሲሰጥ ከሚዘወተሩት ምክሮች አንዱ «ዓረፍተ ነገራችሁ አጭርና ግልጽ ይሁን» የሚለው ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ያለ ማብራሪያ ብቻውን ሲሰጥ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶችን ያስከትላል። የመጀመሪያው፣ ግልጽ አጻጻፍ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ልማድ ነው፣ ከአማርኛ ባሕርይ ጋርም አይስማማም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አጭርነትና ግልጽነት አንድ ነገር ናቸው የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በጽሕፈት ያለፈበትን መንገድ ባጭሩ በመቃኘት ሁለቱም ግምቶች ከታሪኩ ጋር የማይስማሙ መሆናቸውን ማሳየት ነው። ከዚያም ከታሪኩ ለክፍል ትምህርት የሚጠቅመውን ለይቶ ያቀርባል።

ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ዱርቤቴን ለአብነት እንውሰድ። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያመርተው የአካባቢው ገበሬ ለገበያ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለግብርናና ለጤና ጉዳይ ወደዚያ ይመጣል። የዚህ ገበሬ ኑሮ ዛሬ ከወረቀት ጋር ተያይዟል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የብድር ውል፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ፣ ሁሉም በጽሑፍ ነው የሚደርሰው። ብዙ ጊዜ ራሱ ባያነብ ልጁ ያነብለታል። የሚያስቸግረው ፊደሉ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ነው። አንብቦ ያልገባው ሰው ቀን ያልፍበታል፣ መብቱ ይቀርበታል፣ ወይም ለሚያስረዳው ሰው ገንዘብ ይከፍላል። ስለዚህ የዓረፍተ ነገር ጥራት የትምህርት ጥራት መለኪያ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱ ለኑሮ የሚሰጠው ጥቅም መለኪያ ነው።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጠባይ

እንደሚታወቀው በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ተሳቢው ይከተላል፣ ግሡ ይዘጋል። የሰዋስው ሊቃውንት ይህን መዝጊያ «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። ነዶ እስኪታሰር ድረስ የተበተነ ዛላ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ቃላትም ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ የተንጠለጠሉ ናቸው። አንባቢው ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ሁሉ በልቡ ይዞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት።

ከማሰሪያው በፊት ያለውን ክፍል ያለ ገደብ ለማስረዘም የሚያስችሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተናግሮ» የሚለው የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው «የመጣው፣ የታየው፣ የሚነገረው» እያለ በስሙ ፊት የሚደረደረው ቅጽል ነው። ሁለቱም የቋንቋው ሀብት ናቸው። ተራኪ በቦዝ አንቀጽ የድርጊቶችን ቅደም ተከተል ያለ ምንም ትርፍ ቃል ያስኬዳል፤ በቅጽሉም አንድን ሰው ከብዙ ሰዎች መካከል ለይቶ ያሳያል።

ሆኖም ሁለቱም በጽሑፍ ላይ አደጋ አላቸው። «ዳኛው ከሳሹን ጠርቶ ቃሉን ሰጥቶ ወጣ» የሚለውን እንመልከት። ጸሐፊው ቃሉን የሰጠው ከሳሹ ነው ለማለት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። በአገባቡ ግን የጠራውም፣ ቃሉን የሰጠውም፣ የወጣውም ዳኛው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ሰባት ቃላት እንኳ አይሞላም፤ አጭር ነው፣ ግልጽ ግን አይደለም። በንግግር ጊዜ የተናጋሪው ድምፅ፣ የእጁ ምልክትና የአድማጩ ጥያቄ እንዲህ ያለውን ስሕተት ያርሙታል። በወረቀት ላይ የሚያርመው የለም። የአማርኛ ጽሕፈት ታሪክ በአብዛኛው ለጆሮ የተሠራ ዓረፍተ ነገር ለዐይን እንዲመች ለማድረግ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአገራችን ስለ ዓረፍተ ነገር አሠራር በሥርዓት የሚሰጥ ትምህርት ነበረ። ቦታውም የቅኔ ቤት ነው። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች መካከል ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም፣ ዋድላ በወሎ ይገኛሉ። በትውፊት ከጎንጅ ቅኔ ጋር ስሙ የሚነሣው ተዋነይም ከጣና ደሴቶች አንዱ ከሆነው ከደቅ ጋር ተያይዞ ይነገርለታል። ስለዚህ የጣና ዙሪያና የጎጃም መምህር ይህን ትምህርት ሩቅ ሄዶ የሚፈልገው አይደለም።

የቅኔው ቋንቋ ግዕዝ ነው፤ የማስተማሪያው ቋንቋ ግን ዘወትር አማርኛ ነበረ። ተማሪው በመጀመሪያ ግሥ ያጠናል። እያንዳንዱን ግሥ ከነእርባታው ለይቶ ያውቃል። ቀጥሎ አገባብን ይማራል። አገባቡም ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ ይከፈላል። በዚህ ትምህርት የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ፣ የትኛው አገባብ የትኛውን አንቀጽ እንደሚስብ፣ ሐሳቡ የት ላይ እንደሚታሰር ይመረመራል። «ማሰሪያ አንቀጽ»፣ «ቦዝ አንቀጽ»፣ «ባለቤት»፣ «ተሳቢ» የሚሉት ዛሬ በአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት የምንጠቀምባቸው ስሞች የዚህ የሰዋስው ትምህርት ውርስ ናቸው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ጀማሪው መጀመሪያ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው፤ ይህም ሁለት ቤት ብቻ ያለው ነው። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። በሁለት ቤት ሙሉ ሐሳብ ማሰር ያልቻለ ተማሪ ወደ ሚቀጥለው አያልፍም። ያልታሰረ ሐሳብ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤ ፊት በመምህሩ ይጠየቃል፤ ቅኔው ይታረማል ወይም ይጣላል። አጭሩ ይቀድማል፤ ረጅሙ የሚፈቀደው አጭሩን ለቻለ ነው።

ቅኔ በሰምና ወርቅ ሐሳብን የሚሰውር ጥበብ ነው፣ ከግልጽ አጻጻፍ ጋር ምን አገናኘው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ግን ምሥጢሩ እንዲሰወር የተፈለገው በትርጉሙ ነው፤ አገባቡ የተዛባ ቅኔ ምሥጢር ያለው ሳይሆን የተበላሸ ቅኔ ይባላል። ከቅኔ ቤት የምንወስደውም ሰምና ወርቁን ሳይሆን የአገባቡን ጥንቃቄ ነው።

ከቃል ወደ ብራና

አማርኛ ለረጅም ጊዜ የንግግር እንጂ የመጽሐፍ ቋንቋ አልነበረም። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ለነገሥታት የተዘመሩ ጥቂት የአማርኛ ግጥሞች በጽሑፍ ቢቆዩም፣ ዜና መዋዕልም ሆነ የሃይማኖት መጽሐፍ የሚጻፈው በግዕዝ ነበረ። ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ከለውጡ ስፍራዎች አንዱ የጣና ዳርቻ ነው። ዋና ጣቢያቸውን በጎርጎራ ያደረጉት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ትምህርታቸውን ለሕዝብ ለማድረስ በአማርኛ ተጠቀሙ። ከእነሱም የታወቀው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው ጎርጎራ አረፈ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንትም በበኩላቸው ሃይማኖታቸውን ለማስጠበቅ በአማርኛ አስተማሩ፣ ጻፉም። ሰፊው ሕዝብ እንዲረዳው የተፈለገ ነገር ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ መጻፍ እንዳለበት ሁለቱም ወገኖች የተገነዘቡት በክርክር መካከል ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የአንድምታ ትርጓሜ በተለይ በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ተስፋፋ። መምህሩ የግዕዙን ዘይቤ ያነባል፣ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ከዚያም ልዩ ልዩ ምሥጢሩን «አንድም» እያለ ያቀርባል። ይህ ትምህርት በቃል የሚተላለፍ ስለ ነበረ ዓረፍተ ነገሩ የተማሪውን የማስታወስ ችሎታ መጠበቅ ነበረበት። ሐሳቡ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን እያንዳንዱ ትርጓሜ ለብቻው ይቆማል፤ «አንድም» የሚለው ቃልም አንዱ የት እንዳለቀና ሌላው የት እንደ ጀመረ ያስታውቃል። ዛሬ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ሐሳብ ለሚያደባልቅ ጸሐፊ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ትልልቅ እርምጃዎች ተወሰዱ። አንደኛው አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ ያከናወነው የመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። ሁለተኛው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የሆነው ነው። የንጉሡ ደብዳቤዎች በአማርኛ ተጻፉ፤ ዜና መዋዕላቸውንም ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ አዘጋጁ። ንጉሡ ደብዳቤውን በቃል እየተናገሩ ያስጽፉ ስለ ነበረ በጽሑፉ ውስጥ የተናጋሪው ትንፋሽ ይሰማል። ደብተራ ዘነብ ደግሞ ከዜና መዋዕሉ ሌላ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለ፣ አጫጭር የምክርና የጥያቄ አባባሎች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ ትተዋል። በሌላ አነጋገር፣ የአማርኛ ስድ ንባብ ገና በጅማሬው አጭር ዓረፍተ ነገርን ያውቅ ነበረ።

ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ

በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመርና በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲስ ዓይነት አንባቢ መምጣት ጀመረ። ይህ አንባቢ ለብቻው፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጸሐፊውን ሳያውቀው የሚያነብ ነው። የጸሐፊዎቹም ኃላፊነት በዚያው መጠን ከፍ አለ።

በዚሁ በ1900 ዓ.ም. የጣና ልጅ የሆኑት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በሮም አሳተሙ። አፈወርቅ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ነው። ስለ አማርኛ ሰዋስውና ግሥ በጣልያንኛ መጻሕፍት የጻፉ ሰው ስለ ነበሩ የቋንቋውን አሠራር ጠንቅቀው ያውቃሉ። በልብ ወለዳቸው የሚታየው ግን የቃላት ብልጽግናና ረጅም የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት ነው። ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው ቃላት እየተደራረቡ፣ ድርጊት በድርጊት ላይ እየተቀጠለ ይሄዳል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ውበቱ ይሰማል። ይህ አጻጻፍ ለተረት የተመቸ ነው። ለደንብ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለሳይንስ ትምህርት ግን እንደዚሁ ሊወሰድ አይችልም።

ሌላውን መንገድ የምናገኘው በገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በአማርኛ ከዚያ በፊት ያልተጻፈበትን የኢኮኖሚ ጉዳይ የሚያብራራ ነው። ጸሐፊው ለአንባቢው አዲስ የሆነውን ሐሳብ አንድ በአንድ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር እያያያዙ ማቅረብ ነበረባቸው። ጉዳዩ ከባድ በሆነ መጠን ዓረፍተ ነገሩ ቀላል መሆን እንዳለበት ከዚህ እንማራለን። «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ልከኛና ለብዙ ሰው የሚገባ አጻጻፍ እንዲለመድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በ1917 ዓ.ም. የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም ለዘመኑ ምሁራን የመወያያ መድረክ ሆነ።

ይህ ለውጥ በአገራችን ብቻ የታየ አይደለም። እንደ አማርኛ ሁሉ ጃፓንኛም ግሥን በመጨረሻ የሚያኖር ቋንቋ ነው። በጃፓን ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጽሐፉን ቋንቋ ወደ ንግግሩ ለማቅረብ ሰፊ እንቅስቃሴ ተደርጓል፤ ፉታባቴይ ሺሜይ እ.ኤ.አ. በ1887 ማሳተም የጀመረው ልብ ወለድ የዚሁ እንቅስቃሴ ፍሬ ነው። ግሡ በመጨረሻ መምጣቱ ጃፓኖችን ግልጽ የሳይንስ መጽሐፍ ከመጻፍ አላገዳቸውም። ስለዚህ «የአማርኛ ባሕርይ አይፈቅድም» የሚለው ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

ቢሮና ትምህርት ቤት

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ መሥሪያ ቤቶች በዙ፣ የጽሑፍ ሥራም አብሮ በዛ። በዚህ ጊዜ ዛሬ «የቢሮ አማርኛ» የምንለው አጻጻፍ ከሁለት ምንጮች ተቀድቶ የተስፋፋ ይመስላል። አንደኛው ምንጭ የቆየው የአቤቱታ ሥርዓት ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ጉዳዩን ከማቅረቡ በፊት ማክበርና ማስዘን ነበረበት፤ ዋናው ልመና የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ትርጉም ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይወጣ ጀመር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ረቂቁ የተዘጋጀው በፈረንሳይኛ ነው። ተርጓሚዎቹ ለአማርኛ አዲስ የሕግ ቃላት በመፍጠር ትልቅ ውለታ ውለዋል። ሕጉም በአንቀጽና በቁጥር የተከፋፈለ ስለ ሆነ ለአንባቢ ይመቻል። ከትርጉሙ ልማድ ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች የወሰዱት መከፋፈሉን ሳይሆን በስም ላይ ስም መደርደሩን ነው። «መወያየት» ቀርቶ «ውይይት ማካሄድ»፣ «መከታተል» ቀርቶ «ክትትል ማድረግ»፣ «መመዝገብ» ቀርቶ «ምዝገባ ማከናወን» ተባለ። ግሡ ኃይሉን ለስም አስረክቦ ባዶ እጁን ቀረ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን የዓረፍተ ነገር ጉዳይ የሁሉም ትምህርት ጉዳይ ሆነ። የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» ለብዙ መምህራን መሠረት ሆኖ አገለገለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በባሕር ዳር የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎችን ለማፍራት የታሰበ ነበረ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ ሥራው ሰፋ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ይበልጥ ትኩረት ያገኘው ቃል ነው፤ አዲስ ቃል መፍጠር፣ ሞክሼ ፊደላትን መቀነስ ወይም መጠበቅ ብዙ አከራክሯል። ቃላቱ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚታሰሩ ግን ያን ያህል አላከራከረም።

የጉዳዩ ክብደት ጎልቶ የታየው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ አሥራ አምስት ደረሰ። ብዙ ጎልማሶች ፊደል ከለዩ በኋላ የተነሣው ጥያቄ «አሁን ምን ያንብቡ?» የሚል ነበረ። ድኅረ መሠረተ ትምህርት በሚል ስም ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ ጽሑፎች የተዘጋጁት ለዚህ ነው። አዲስ አንባቢ በፊደል እየተንገዳገደ ማሰሪያው በአርባኛው ቃል ላይ የሚገኝ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመው መጽሐፉን ይዘጋዋል፤ መጽሐፉን የዘጋ ጎልማሳም ቀስ በቀስ ፊደሉን ይረሳል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በለንደንም የመንግሥት ቅጾች ለተራው ሰው በሚገባ ቋንቋ እንዲጻፉ የሚጠይቅ ዘመቻ ተጀምሯል። ችግሩ የአንድ ቋንቋ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቶች ሁሉ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች ይሰጣል። በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ስለ ሐረግና ዓረፍተ ነገር አወቃቀር አዲስ ትንተና ለመምህራን አቅርቧል። ስለዚህ ዛሬ የጎደለው ዕውቀት አይደለም። ዕውቀቱን ወደ ተማሪው ደብተርና ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው የሚያደርስ ልምምድ ነው።

ሦስት ጽሑፎች ሲነጻጸሩ

ከዚህ በላይ የተባለውን በምሳሌ ለማሳየት እንደ ዱርቤቴ ባለ የወረዳ ከተማ ሊለጠፍ የሚችል ማስታወቂያ ለዚህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። የመጀመሪያው በተለመደው የቢሮ አጻጻፍ ነው።

«በመጪው የመኸር ወቅት በወረዳው በሚገኙ ቀበሌዎች ሊካሄድ በታቀደው የግብርና ግብዓት አቅርቦት ሥራ ተጠቃሚ የሚሆኑ አርሶ አደሮች ቀደም ሲል የወሰዱትን ብድር ሙሉ በሙሉ ከፍለው ማጠናቀቃቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከሚመለከተው አካል በማቅረብ እስከ ግንቦት 15 ቀን ድረስ ምዝገባ ያላደረጉ ከሆነ አገልግሎቱን የማያገኙ መሆኑ ታውቆ አስፈላጊው ክትትል እንዲደረግ እናሳስባለን።»

ይህ 45 ቃላት ያሉት ሲሆን ማሰሪያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «እናሳስባለን» ነው። ገበሬው ማድረግ ያለበት ነገር፣ ማለትም መመዝገቡ፣ በዓረፍተ ነገሩ ሆድ ውስጥ በአሉታ ተቀብሯል። «የሚመለከተው አካል» ማን እንደ ሆነ አልተነገረም። «ክትትል እንዲደረግ» ሲባልም የሚከታተለው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። የሚመዘገብበት ቦታም የለም። ርዝመቱ ጉድለቱን ሸፍኖታል።

«አጭር ጻፍ» የሚለውን ምክር ብቻ የሰማ ሰው ደግሞ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል።

«ማዳበሪያ ይሰጣል። ምዝገባ ይካሄዳል። ብድር ይከፈላል። ማስረጃ ይቀርባል። ቀኑ ግንቦት 15 ነው።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ መልእክቱ ግን አይገባም። ብድር መክፈል ለመመዝገብ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ጠፍቷል። ግንቦት 15 የምዝገባው መጨረሻ ይሁን ማዳበሪያው የሚታደልበት ቀን አይታወቅም። ነዶው ተፈትቶ ተበትኗል እንጂ አልታሰረም። ሦስተኛው አጻጻፍ የሚከተለው ነው።

«ለመጪው መኸር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የምትፈልጉ ገበሬዎች እስከ ግንቦት 15 ቀን ድረስ በቀበሌያችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ። የቀድሞ ብድራችሁን ከፍላችሁ ስለ መጨረሳችሁ ከኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ። በቀኑ ያልተመዘገበ ሰው ማዳበሪያም ሆነ ዘር አያገኝም።»

ይህ 35 ቃላትና ሦስት ማሰሪያዎች አሉት። ከመጀመሪያው በዐሥር ቃል ቢያንስም በመጀመሪያው ያልነበሩ ሁለት ነገሮችን፣ የመመዝገቢያውን ቦታና ማስረጃ የሚሰጠውን ክፍል፣ ጨምሮ ይናገራል። ቦዝ አንቀጹም ሆነ ቅጽሉ አልተወገደም፤ «ከፍላችሁ» እና «ይዛችሁ» በየቦታቸው አሉ፤ ነገር ግን ባለቤታቸው አንድ ነው፣ ማሰሪያቸውም ቅርብ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጸሐፊው ይህን ለመጻፍ መጀመሪያ ማስረጃውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነበረበት። ግልጽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጸሐፊው ራሱ ጉዳዩን አጣርቶ ሳይጨርስ ብዕር ሲያነሣ ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከታሪኩም ከምሳሌውም በመነሣት በክፍል ውስጥ ሊሠራባቸው የሚችሉ አምስት ልምምዶች ቀርበዋል። ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ መሣሪያ አይጠይቁም።

1. ማሰሪያ ፍለጋ። ተማሪዎች ከመጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ ወስደው ማሰሪያ አንቀጹን ሁሉ ያሰምሩበት። ለእያንዳንዱ «ማን?» ብለው ባለቤቱን ይፈልጉ። ባለቤቱ ያልተገኘ እንደ ሆነ ዓረፍተ ነገሩ ይታረም።

2. የቦዝ አንቀጽ ምርመራ። «‑ቶ፣ ‑ተው፣ ‑ታ» የሚሉትን በተራ እየቆጠሩ ባለቤታቸው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ባለቤቱ በሚለወጥበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ መቆም አለበት።

3. በድምፅ ማንበብ። የጻፉትን ለጎረቤታቸው ያንብቡ። ማሰሪያው ሳይመጣ ትንፋሽ ካለቀ ወይም አድማጩ የሰማውን መልሶ መናገር ካልቻለ ይከፈል። አባቶች በጆሮ ያደርጉት የነበረው ቁጥጥር በዚህ መንገድ ለጽሑፍ ይውላል።

4. ስምን ወደ ግሥ መመለስ። «ውይይት ተካሄደ» የሚለውን «ተወያዩ»፣ «ጥገና ተደረገለት» የሚለውን «ተጠገነ» እያሉ ይለውጡ። የተወያዩት እነማን እንደ ሆኑ፣ የጠገነው ማን እንደ ሆነ መጠየቅም አይቀርም።

5. ከሁለት መስመር መጀመር። እንደ ጉባኤ ቃናው ሥርዓት ተማሪው በመጀመሪያ አንድ ሙሉ ሐሳብ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ሲችል ወደ አምስት፣ ከዚያም ወደ ስምንት ይለፍ። ድርሰት «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» ተብሎ ከመከፋፈሉ በፊት ይህ ይቅደም።

ለላይኛዎቹ ክፍሎች የአካባቢውን ማስታወቂያዎች ገልብጦ ማምጣትና አሻሽሎ መጻፍ ጥሩ ሥራ ነው። ተማሪው ትምህርቱ ለአባቱና ለእናቱ የሚጠቅም መሆኑን ወዲያው ያየዋል።

ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፈተናን ይመለከታል። ድርሰት በገጽ ብዛት እየተመዘነ እስካለ ድረስ ተማሪው ቃል ማብዛትን እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም የሚለውን ብሂል የምናስተምር ሰዎች በነጥብ አሰጣጣችን ተቃራኒውን ማስተማር የለብንም። ሁለተኛው የመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅትን ይመለከታል። የሳይንስም ሆነ የኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በታለመለት ክፍል ያሉ ጥቂት ልጆች ሊያነቡትና የተረዱትን በራሳቸው ቃል ሊናገሩ ይገባል። ልጆቹ የተሰናከሉበት ዓረፍተ ነገር ይታረማል፤ ትርጉም የሆነ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ተወልዶ፣ በቅኔ ቤት አገባብ ተመርምሮ፣ በአንድምታ ተተንትኖ፣ በማተሚያ ቤት ለዐይን ቀርቦ ከእኛ ደርሷል። የቢሮ አጻጻፍ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የቅርብ ጊዜ ምዕራፍ ነው እንጂ የቋንቋው ተፈጥሮ አይደለም። ስለዚህ ግልጽ አጻጻፍን ማስተማር ከውጭ ልማድ ማስገባት ሳይሆን የራስን ሥርዓት ማስቀጠል ነው።

ከላይ የቀረቡት ልምምዶች በጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም ከዋና ከተሞች ራቅ ባሉት፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሊሞከሩ ይችላሉ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሙከራውን በዕጩ መምህራን የተግባር ልምምድ ወቅት ቢያካሂዱት ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪዎቹ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሳምንት የጻፏቸውን ጽሑፎች ማነጻጸር የትኛው ልምምድ እንደ ጠቀመ፣ የትኛው መሻሻል እንደሚያስፈልገው ያሳያል።